«ምነው ቀረ» የሚለኝ ጠፋ

«ስሜን ይተውት። ባለፈው ሐምሌ 60 ዓመት ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። 36 ዓመት የሠራሁት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኃላፊው ነበርኩ። በመጀመሪያው ወር ዘመድ ጠየቅሁ፣ እንቅልፌን ጠገብሁ። በሁለተኛው አጥሩን አደስኩ፣ በሩን ቀለም ቀባሁ። በሦስተኛው የሚሠራ ነገር አጣሁና የባለቤቴን የቅመም ቆርቆሮዎች በረድፍ ደርድሬ ስማቸውን በወረቀት እየጻፍኩ ለጠፍኩባቸው። ‹ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ ከጓዳዬ ውጣልኝ› አለችኝ፤ ሁለት ቀን ተኮራርፈን ሰነበትን። እስከ አሁን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እነቃለሁ። ጺሜን እላጫለሁ፣ ኮቴን እለብሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምሄድበት የለኝም። አንድ ቀን እግሬ መሥሪያ ቤቱ ወሰደኝ። በእኔ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ ‹አባት፣ ምን ልርዳዎት?› አለችኝ። ስመለስ መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። ጓደኞቼ ‹ካፌ ቁጭ እንበል› ይሉኛል። ወንዱ ልጄ ‹አሁንማ ዕረፍ› ይለኛል። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጄ ‹አባዬ፣ እኛ ጋር ና› ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ባጠራቀምከው ገንዘብ ባጃጅ ግዛና ለሹፌር ስጥ› ይለኛል። ቀኑ ረዘመብኝ። በምን ልሙላው?»

ከአዲስ አበባ

ጋሼ፣ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እንዲህ ልጥራዎት።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ምን ልርዳዎት» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ቆምኩ። እንባዎ እንዲያሳፍርዎት አልፈልግም። ኃላፊ መጣ፣ ኃላፊ ሄደ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም እንኳ ሳይቀር ተቀያየረ፤ ማህደር ጠፋ ሲባል ግን የሚጠራው የእርስዎ ስም ነበር። 36 ዓመት ሙሉ የሰው ጉዳይ በእጅዎ አልፏል። የአንዱ ዕድገት፣ የሌላው ዝውውር፣ የመበለቷ ውርስ፣ ሁሉም እርስዎ ከመደርደሪያ አውርደው ካልሰጡ አይንቀሳቀስም ነበር። እንዲህ የኖረ ሰው ያንኑ ደጅ እንደ ባለጉዳይ ሲረግጥ ሆዱ ቢባባ ማንም አይፈርድበትም።

ያችን ልጅ ግን አይቀየሟት። «አባት» ብላ፣ አንቱ ብላ፣ በአክብሮት ነው ያነጋገረችዎት። በብዙ መሥሪያ ቤት ደጅ ስንት የጠና ሰው ቀና ብሎ የሚያየው አጥቶ እንደሚመለስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ወንበሩን የያዘችው ለባለጉዳይ ፊት የምትሰጥ ልጅ ናት፤ ይህ ቢያንስ ያጽናናዎት።

ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ሳይከብድዎት አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። የመጣው «ጦረ» ከሚለው ነው። ወላጆቹን የሚያበላና የሚያለብስ ልጅ ጧሪ ይባላል፤ ሽማግሌም ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ሲጦር የኖረ ሰው አንድ ማለዳ ተጧሪ ተብሎ ሲነቃ ግራ ይጋባል። ነገር ግን በየወሩ የሚቀበሉት አበል ማንም የቸርዎት አይደለም። ከደመወዝዎ በየወሩ እየተቆረጠ፣ መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ እየጨመረበት የመጣ የራስዎ ድካም ነው። ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። 36 ዓመት ሲሰላ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝዎ 62.5 በመቶ ይሆናል። በባንክ ደብተርዎ ላይ ያለውን አበል ከዚህ ጋር ያመሳክሩት። መዝገብ ያገላበጠ ሰው ነዎትና ስሌቱ አያስቸግርዎትም፤ ቁጥሩን ራስዎ ሲያገኙት ደግሞ ገንዘቡ የእርስዎ እንደ ሆነ ልብዎ ይቀበለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። «ቀኑን በምን ልሙላው?» ብለዋል። ቀን እኮ በማንኛውም ነገር ይሞላል። አጥሩን ሲያድሱ ሞልቶልዎት ነበር። በሩን ሲቀቡም እንደዚያው። ሥራው ሲያልቅ ግን ያው ባዶነት ተመልሶ መጣ፤ አጥር ሰው ቢቀርበት «ምነው ቀረ?» ብሎ አይጠይቅምና። መዝገብ ቤት ሳሉ አንድ ጠዋት ቢያረፍዱ ገና 4 ሰዓት ሳይሆን ሦስት ሰው ይፈልግዎት ነበር። ያጡት ይህን መፈለግ ይመስለኛል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመጀመርዎ በፊት በዚህ ይመዝኑት፦ አንድ ቀን ብቀር የሚፈልገኝ ሰው አለ? ካለ ሳያመነቱ ይያዙት። ከሌለ ለመዝናኛ ይሁንልዎት፤ ቀንዎን ግን አያቁሙበት።

ይህን የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ አዳማ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 55 ስለነበር ገና ጉልበቱ ሳይደክም ቤት ገባ። ቤታችን ለሐዲዱ ቅርብ ነው። የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ አባቴ የያዘውን የቡና ስኒ ያስቀምጥና የእጅ ሰዓቱን ያያል። «ዛሬ 20 ደቂቃ ዘገየ» ይላል። የሚመዘግበው መዝገብ የለም፣ የሚያሳውቀው አለቃ የለም። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ ጓዳ ታዞር ነበር። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን።

አንድ ቀን ከበላነው ፓፓያ ላይ ፍሬውን ሰብስቦ፣ ዙሪያውን የሚለብሰውን ዝልግልግ ነገር አጥቦ፣ በጥላ አደረቀው። ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች ለመነ፤ ታቻቸውን በሚስማር በሳ፣ አፈርና ፍግ ሞላባቸውና ዘራ። ችግኞቹ ስንዝር ሲያክሉ ግቢያችን ጠበበና ለጎረቤት ማደል ጀመረ። ወራት አልፈው አንዲት ጎረቤታችን መጥታ «ጋሼ፣ የሰጡኝ ፓፓያ አበባ ብቻ ሆነ፤ አንድ ፍሬ አልያዘም» አለችው። አባቴ ሄዶ አየው። አበባው በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ተንዠርግጎ ነበር። ወንድ ፓፓያ ነው። የሴቷ አበባ ግንዱ ላይ ተጠግቶ ነው የሚወጣው፣ መጠኑም ከወንዱ ይተልቃል። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም «በአንድ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ትከሉ፤ ሲያብቡ ወንዱን ነቅላችሁ ሴቷን አስቀሩ፤ ለሰፈሩ አንድ ሁለት ወንድ ይበቃል» ይል ጀመር። ማን ቤት ስንት እንደ ተተከለ፣ መቼ እንዳበበ የሚጽፍበት ደብተር ገዛ። ማክሰኞና ዓርብ ሰፈሩን ይዞር ነበር። አንድ ዓርብ ጉንፋን ይዞት ቢቀር አንዲት ትንሽ ልጅ በራችንን አንኳኩታ «እናቴ ጋሼ ምነው ዛሬ ቀሩ ብላ ላከችኝ» አለች። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያችን ልጅ ታነሣት ነበር። በዚያው ሰሞን ይመስለኛል፣ ፊሽካው ሲነፋ አባቴ ሰዓቱን ሳያይ ቡናውን ጠጥቶ የጨረሰው።

እርስዎ ፓፓያ ይትከሉ ማለቴ አይደለም፤ አዲስ አበባ ለፓፓያ ይበርዳል። የእርስዎ እጅ የሚያውቀው ወረቀት ነው። ሰው ጡረታ ሲወጣ ሁሉም «አዲስ ነገር ሞክር» ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። 36 ዓመት የተካኑበትን እጅ አጣጥፈው ከዜሮ ለምን ይጀምራሉ? ያ እጅ እኮ ሥራ ፍለጋ ነው እስከ ቅመም ቆርቆሮ ድረስ የሄደው።

ዕድርዎን ይመልከቱ። በአብዛኛው ሰፈር የዕድር መዝገብ በምን ሁኔታ እንዳለ አይቻለሁ፤ ጥጉ ያለቀ ደብተር፣ በሦስት ሰው የእጅ ጽሕፈት የተሞላ፣ ግማሹ በእስክርቢቶ ግማሹ በእርሳስ። አባል ሲሞት ለሚስቱ ወይም ለልጁ ስሙ አልተዛወረም። ድንኳኑ ስንት ካስማ እንዳለው፣ አግዳሚው ስንት እንደ ሆነ፣ ብረት ድስቱ ማን ቤት እንደ ቀረ የሚያውቀው ንብረት ያዡ ብቻ ነው፤ እርሱ ከታመመ የሚያውቅ የለም። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ደግሞ ሰው ሞቶ ቤተሰቡ እያለቀሰ ባለበት ሌሊት ነው። «የወር መዋጮ አልተከፈለም» «ተከፍሏል» የሚል ክርክር በሬሳ ፊት ሲነሣ ሰምቼ አውቃለሁ። እርስዎ ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ሁሉ አለዎት፤ የአባላት ዝርዝር በፊደል ተራ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ፣ የክፍያው ወር በወር፣ የንብረቱ ዝርዝር በተለየ ደብተር፣ ከሁሉም አንድ አንድ ቅጂ ሌላ ቤት የሚቀመጥ።

ሲገቡ ግን በቀስታ ይግቡ። ከጓዳው የተማሩት ነገር አለ። ለዳኛውና ለጸሐፊው «ጊዜ አለኝ፣ ብታዝዙኝ እረዳለሁ» ይበሉ እንጂ በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን ሁሉ አይገልብጡት። ጸሐፊው ስንት ዓመት በነጻ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ክብሩ እንዳይነካ ከጎኑ ይቀመጡ። ሁለት ሦስት ወር አብረውት ከሠሩ በኋላ መዝገቡ በራሱ ጊዜ ወደ እጅዎ ይመጣል። ያኔ አንድ እሁድ ቢቀሩ ስብሰባው እንዴት እንደሚፈልግዎት ያያሉ።

ሁለተኛው ሥራ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ ባለቤትዎም ስለሚገቡበት ከዕድሩ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር አንድ የፎቶግራፍ ሣጥን አይጠፋም። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ፣ ጥግ ጥጉ የተቆረሰ የፎቶ ቤት ጥቁርና ነጭ። በሣጥኑ ውስጥ ካሉት ፊቶች ስንቱን ልጆችዎ በስም ያውቃሉ? ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የልጅ ልጆችስ? እያንዳንዱን አውጥተው ጀርባው ላይ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተነሣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ ይጻፉበት። በእስክርቢቶ እንዳይጽፉ፤ ይጫንና ከፊት ያብጣል፣ ቀለሙም ከጊዜ በኋላ ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ ተጠቅመው፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው፣ ጠርዙ ላይ ቀለል አድርገው ይጻፉ።

ሥራውን ብቻዎን አይጨርሱትም። በግራ በኩል ነጠላዋን ያጣፋችው ሴት የማን እኅት እንደ ሆነች የሚያውቁት ባለቤትዎ ናቸው። ሴቶች የዘመድ ነገር ያውቃሉ፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ልጅ ከማን ጋር በአንድ ወር እንደ ተወለደ፣ በዚያ ሠርግ ላይ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደ ነበር። እርስዎ ይጽፋሉ፣ እርሳቸው ይናገራሉ። ከቀትር በኋላ ቡና ሲፈላ በቀን አምስት ፎቶግራፍ ብቻ ይዘው ይቀመጡ። አምስት ትንሽ እንዳይመስልዎት፤ አንዱ ብቻ ሙሉ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በዚያው የሁለታችሁን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩ። አገራችን ሰው ከመጋባቱ በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር ነበር፤ ዛሬ ሦስተኛው ላይ የሚቆም ብዙ ነው፣ ባሕር ማዶ ያደጉት ደግሞ ከአያታቸው ስም አያልፉም። በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ለሁለቱም ልጆች ቢልኩላቸው፣ ልጅዎ በሳምንቱ ደውላ «አባዬ፣ አራተኛው ቤት ላይ ያለው ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?» ሳትልዎት አትቀርም።

ስለ ጓዳው አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ላይ የባለቤትዎ ወገን ነኝ። የእርስዎን 36 ዓመት መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፤ የእርሳቸውን 36 ዓመት ደግሞ ያ ጓዳ ነው የሚያውቀው። በርበሬውን ከሚጥሚጣው፣ ኮረሪማውን ከጥቁር አዝሙዱ በጨለማ በእጃቸው ዳብሰው ይለዩታል። ወረቀት ሲለጠፍበት «ሥራሽን አታውቂም» እንደ ማለት ነው የሚሰማው። እርስዎ እንደዚያ እንዳላሰቡ አውቃለሁ፤ እርሳቸውም ያውቁ ይሆናል። ቢሆንም ወረቀቶቹን በእጅዎ ያንሡላቸውና ይቅርታ ይጠይቋቸው። እኔ ብሆን ከዚያ ወዲያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀትር ቤት አልገኝም ነበር። ቤቱ በእነዚያ ሰዓታት የእርሳቸው ነበር፣ አሁንም ይሁንላቸው። አንድ የቤት ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ ተረክበው ይያዙ፤ ለምሳሌ ጤፉን ከመግዛት እስከ ወፍጮ ቤት ወስዶ አስፈጭቶ መመለስ ድረስ ያለው የእርስዎ ይሁን። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የሚሰማው ወሬም ከካፌው አያንስም።

ባጃጁን አልመክርም። ጎረቤትዎ ክፉ አስበው አይደለም፤ ነገር ግን ተሽከርካሪ ገዝቶ ለሹፌር መስጠት የራሱ ሙያ ነው። የቀኑን ገቢ የሚነግርዎት ሹፌሩ ነው፣ የተበላሸውን የሚነግርዎት መካኒኩ ነው፣ የሚሠራበትን መስመር የሚወስነው ሌላ አካል ነው፤ በእርስዎ እጅ የሚቀረው ጭንቀቱ ብቻ ነው። ጡረታ ከወጡ አንድ ዓመት ሳይሞላ ያጠራቀሙትን ከባንክ አያውጡ። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለትርፍ ብሎ ሳይሆን ባዶነቱን ሽሽት ነው፤ ባዶነቱ ሲቀንስ ፍላጎቱም ይቀንሳል። በሙያዎ የትርፍ ሰዓት ሥራ ከመጣ ግን ይቀበሉ። ሰነዱን ሥርዓት ማስያዝ ያቃተው ትምህርት ቤትና ማኅበር ሞልቷል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ሰው ይበቃቸዋል።

11 ሰዓት ተኩል መንቃትዎን አይተዉት። ሰውነትዎ 36 ዓመት የለመደው ሰዓት ነው፤ በግድ ቢተኙ አጥንትዎን ያምዎታል። ተነሥተው ይራመዱ። መስቀል አደባባይ በዚያ ሰዓት ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው አያጣም፤ ከእርስዎ ዕድሜ ያለፉም አሉበት። በሳምንት አንድ ቀን እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ቢወጡ ሳንባዎ ያመሰግንዎታል። የደም ግፊትዎን ግን አስቀድመው ይለኩ፤ ዳገቱ ከባድ ነው። ንባብ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ 4 ኪሎ ያለውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን፣ ወይም የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ ካማረዎት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ወመዘክርን ይሞክሩ። ኮትዎን ለብሰው የሚሄዱበት ቦታ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ኮት መልበስዎን ወድጄዋለሁ።

የጓደኞችዎን ካፌ አይጥሉት፣ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዋል። በየቀኑ ከሆነ ወሬው ያው የትናንቱ ይሆንና እርስዎም እንደ ደከመዎት ይቀራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ይሂዱ፤ ልጅና የልጅ ልጅ ያየ ዓይን ይጠግባል። የመመለሻውን ቀን ግን ከመሄድዎ በፊት ይወስኑ። እዚያ ልጅዎና ባልዋ ማለዳ ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ብርዱ ከቤት አያስወጣም፣ መኪና ከሌለዎት የትም አይደርሱም። እዚህ የረዘመብዎት ቀን እዚያ ይብስበታል። እኔ ብሆን ሦስት ወር ቆይቼ እመለስ ነበር፤ በሻንጣው ውስጥም ስማቸው የተጻፈባቸውን ፎቶግራፎች ይዤ ነው የምሄደው።

መሥሪያ ቤቱንስ? ሲጠሩዎት ይሂዱ፤ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሽኝት። ያች ልጅ አንድ ቀን የ1980ዎቹን ማህደር ማግኘት አቅቷት የስልክ ቁጥርዎን ብታፈላልግ አይግረምዎት፤ ደስ ብሎዎት ይንገሯት።

የሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ መቼ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ባለቤትዎን ይጠይቋቸው። መዝገቡን ገልጠው ሲያዩት ምን እንደሚመስል ጽፈው ይላኩልኝ፤ እጠብቃለሁ።